የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ፣ ከቢራው ነው ከቦርጩ?

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የምትልኩልን ጥያቄ በብዛት ስለ ፋቲ ሊቨር ነው፣ ጉበት ላይ ስብ ሲከማች ማለት ነው። ሰው ለሌላ ነገር ሆዱን አልትራሳውንድ ይነሳል፣ ለጨጓራ በሉት ለኩላሊት ጠጠር፣ ከዛ ወረቀቱ ላይ «ፋቲ ሊቨር ግሬድ 1» ምናምን የሚል ነገር ተጽፎ ይመጣል፣ ሃኪሙም ወረፋው በዝቶበት «ቅባት ቀንስ» ብሎ ይሸኘዋል፣ ሰውዬው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ሲያስብ ያድራል። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥተነዋል። መልዕክታችሁን አሳጥሬዋለሁ፣ ስማችሁንም አላወጣሁትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 44 ዓመቴ ነው፣ የከባድ መኪና ጋራዥ አለኝ። ቁመቴ 1.72 ሜትር፣ ኪሎዬ 97። ከሰዓት ከልጆቹ ጋር እንቅማለን፣ ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር፣ አራት አምስት ቢራ እጠጣለሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን ያህል ይሆናል። አረቄ አልነካም፣ ውስኪም አልወድም፣ ቢራ ብቻ ነው። ለጎኔ ህመም ብዬ ስታይ ፋቲ ሊቨር ግሬድ 2 ተባልኩ፣ የደም ምርመራው ግን ጉበትህ ኖርማል ነው አለ። አንዱ ጓደኛዬ ከቢራው ነው ይለኛል፣ ሌላው ከቦርጭህ ነው ይላል። የቱ ነው? ወደ ሁለት ቢራ ብቀንስስ አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ እውነታቸውን ነው፣ ግን እያንዳንዳቸው ግማሹን ነው የነገሩህ። ቢራውና ቦርጩ አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ጉዳታቸው መደመር ብቻ አይደለም፣ ይባዛል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የስኮትላንድ ጥናት አለ፣ ከ9,500 በላይ ወንዶችን ለብዙ አስርት ዓመታት ተከታትሎ በጉበት በሽታ የሞቱት እነማን እንደሆኑ ያየ ነው። ኪሎው ከልክ ያላለፈና የማይጠጣ ሰው አንድ ቢባል፣ ኪሎው ሳይጨምር በሳምንት በእኛ ጠርሙስ ከዘጠኝ ቢራ ገደማ ጀምሮ የሚጠጣው 3 እጥፍ አደጋ ነበረበት፣ ወፈር ያለውና ያንኑ የሚጠጣው 7 እጥፍ፣ በጣም የወፈረውና ያንኑ የሚጠጣው ግን ወደ 19 እጥፍ። የመጠጡ ምድብ እኮ ያው ነው! የተለወጠው ኪሎው ነው። የአንተን ኪሎ ለቁመትህ ስናሰላው ቢኤምአይህ ወደ 33 ነው፣ ከ30 በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል፣ ስለዚ አንተ ያለኸው ሶስተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፣ ከሁለቱ አንዱን እንኳን ብታወርድ ምን ያህል እንደምታተርፍ እንድታይ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። ሆድ ላይ ስብ ሲበዛ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ትዕዛዙ አይሰማም፣ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ያኔ የሆድ ስብ ባለበት አይቀመጥም፣ እየተፈታ በደም ወደ ጉበት ይጎርፋል። አልኮሉ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ሰውነት አልኮልን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ጉበት ሌላውን ስራ ትቶ መጀመሪያ እሱን ማስወገድ አለበት፣ ሲያስወግደው መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል፣ ይሄ ራሱ የጉበት ሴል የሚጎዳ መርዝ ነው፣ እና ይሄ ሁሉ በሚሆንበት ሰዓት ጉበት ስብ ማቃጠሉን ያቆማል፣ እንደውም አዲስ ስብ መስራት ይጀምራል። አንተ ጋ ያለው ነገር ቧንቧው ተከፍቶ መፍሰሻው የተደፈነ ሲንክ ነው፣ ቦርጩ ቧንቧውን ከፍቶታል፣ ቢራው መፍሰሻውን ደፍኖታል።

«ቢራ ብቻ» ያልከው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ነው የሚለው። ጉበት የሚቆጥረው የአልኮሉን ግራም ነው፣ ከየት እንደመጣ አይለይም። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 ፐርሰንት የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ንጹህ አልኮል አለ። አንድ መለኪያ አረቄ ደግሞ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንልና አረቄው ደህና ወጥቶ 45 ፐርሰንት ቢሆን 18 ግራም ነው። ስለዚ አምስት ቢራ ጠጣህ ማለት ሶስት መለኪያ ከምናምን አረቄ ጠጣህ ማለት ነው፣ አንድ ሰው በየማታው ሶስት አራት መለኪያ አረቄ እጠጣለሁ ቢልህ ለሱ ትጨነቅለት ነበር አይደል? አምስት ቢራ 65 ግራም፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 325 ግራም። የዓለም የጉበት ሃኪሞች በ2023 እ.ኤ.አ. የበሽታውን አከፋፈል ሲያሻሽሉ ውፍረት ወይም ስኳር ወይም ግፊት ኖሮበት በሳምንት ከ210 እስከ 420 ግራም የሚጠጣ ወንድ ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል፣ ሴት ከሆነች ከ140 እስከ 350 ግራም። አንተ እዛ መሃል ነህ። «ከዚህ ነው ወይስ ከዛ» የሚለው ክርክር አንተ ላይ መልስ የለውም፣ ከሁለቱም ነው።

ካሎሪውንም አትርሳ። አምስት ቢራ ወደ 700 ካሎሪ ነው፣ ደህና ራት ማለት ነው፣ ከዛ ላይ ደግሞ ራቱ ራሱ አለ። እዚህ ጋ ጨብሲው ይመጣል። ጫት ቀን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በርጫው ላይ ሆድ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለውዝ ነው፣ ማታ ምርቃናው ካልተሰበረ እንቅልፍ የለም ተብሎ ቢራ ይገባል፣ ቢራው ሲገባ የተዘጋው ፍላጎት ይከፈትና ከሌሊቱ አምስት ስድስት ሰዓት ላይ ጥብስ ይታዘዛል፣ በልቶ ወዲያው መኝታ። እኔ ደሴም ኮምቦልቻም የማያቸው በአርባዎቹ ያሉ ወንዶች ላይ ቦርጩን የሚሰራው በአብዛኛው ይሄ ዑደት ነው ብዬ አምናለሁ። ጫቱ ራሱም ቢሆን ጉበት አቃጥሎ የተመዘገቡ ህመምተኞች አሉ፣ ንጹህ ነገር አይደለም። እና ወንድሜ ቢራውን ለብቻው ልተው ብትል ይከብድሃል፣ ምርቃናው ማታ ቢራውን ይጠራዋል፣ ሁለቱን አብረህ ነው መያዝ ያለብህ። ቢያንስ የመቃሚያውን ቀን ከማሳነስ ጀምር፣ የማትቅምበት ቀን ጨብሲም የለም።

የደም ምርመራው ኖርማል መሆኑ አያዘናጋህ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ልክ ሆነው ጉበቱ በስብ የተሞላ ብዙ ሰው አለ። አልትራሳውንዱ ላይ የተጻፈው ግሬድ 2 ደግሞ የስቡን ብዛት ነው የሚናገረው፣ ጉበቱ ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘ አይናገርም፣ ወደፊት የሚገድለው ግን ጠባሳው ነው፣ ሲበዛ ሲሮሲስ የሚባለው ይሆናል። ጠባሳውን ለመገመት ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ኤፍአይቢ ፎር የሚባል ስሌት አለ፣ ሃኪምህን አስልልኝ በለው፤ ዕድሜህን በኤኤስቲ ታባዛለህ፣ ከዛ ያንን የፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ቁጥርህ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚመጣው ታካፍላለህ። ለምሳሌ 44 ዓመት፣ ኤኤስቲ 36፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕላትሌት 220 ቢሆን 1.2 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ ትልቅ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፣ ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ስፔሻሊስት ማየት አለበት፣ መሃል ላይ ከሆነ ፋይብሮስካን (የጉበቱን መጠንከር የሚለካ መሳሪያ) ያለበት ቦታ ሄዶ መታየት ነው።

ሁለት ቢራ ይበቃል ወይ ላልከው፣ ከአምስት ሁለት ይሻላል፣ ግን እኔ የምመክርህ ለጊዜው ዜሮ ነው። መጠጥ ያመጣው የጉበት ስብ ሲቆም ቶሎ ነው የሚለቀው፣ ብዙ ሰው ላይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፣ ይሄን የሚያህል ይቅር ባይ የሰውነት ክፍል የለም። የኪሎውን ደግሞ እንዲህ ያዘው፣ ከ97 ላይ 5 ኪሎ ስትቀንስ ስቡ ይቀንሳል፣ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ስትደርስ መቆጣቱም እየበረደ ይሄዳል፣ 10 ፐርሰንት ከደረሰ ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። ግን በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ አትቀንስ፣ ራስን አስርቦ ድንገት መክሳት ጉበቱን ይብስ ያስቆጣዋል። ከሚዛኑ ይልቅ ሜትር ተጠቀም፣ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን ማለቴ ነው፣ ቀበቶህ ጋ ሳይሆን ከታችኛው የጎድን አጥንትህና ከዳሌ አጥንትህ መሃል፣ ትንፋሽህን አውጥተህ፣ ሆድህን ወደ ውስጥ ሳትስብ ለካው። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሲያልፍ ነው ጉበትና ልብ ላይ ጫና የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ዶክተር። ከደሴ አራዳ አካባቢ ነኝ፣ የልብስ ሱቅ አለኝ፣ 38 ዓመቴ ነው፣ የሶስት ልጆች እናት ነኝ። ወላሂ መጠጥ በህይወቴ አፌ ገብቶ አያውቅም። ግን ፋቲ ሊቨር ተባልኩ፣ ሃኪሙ ደግሞ አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ትጠጫለሽ ወይ» ብሎ ጠየቀኝ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዛ ወዲህ ቤት ውስጥ ፊት ተለወጠብኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል? 1.58 ሜትር ነኝ፣ 78 ኪሎ። ለመጨረሻው ልጅ ሳረግዝ ስኳር ታይቶብኝ ነበር፣ ከወለድኩ በኋላ ጠፋ አሉኝ።

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ይሄንን አማትሽም ባለቤትሽም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፦ ፋቲ ሊቨር ሰው ጠጥቷል ማለት አይደለም። በዓለም ላይ ከአስር አዋቂ ሰው ሶስቱ ገደማ ጉበታቸው ላይ ከልክ ያለፈ ስብ አለ፣ አብዛኞቹ ያገኙት ከኪሎና ከስኳር ነው። ሃኪሙ ስለ መጠጥ የሚጠይቀው ሁሉንም ሰው ነው፣ ሼሁንም ቄሱንም፣ መጠየቁ ልክ ነው፣ አማትሽ ፊት መጠየቁ ግን ልክ አልነበረም፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለብቻ ነው የሚጠየቀው፣ ስላሳፈረሽ በሙያው ስም እኔ አዝኛለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ከወለደች በኋላ ጠፋ ቢባልም፣ ኢንሱሊኗ ሊዳከም እንደሚችል ሰውነቷ አስቀድሞ ምልክት ሰጥቷል፣ በኋላ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሴት ብዙ ከፍ ያለ ነው። አንቺ ላይ ደግሞ ኪሎው ተጨምሯል፣ ቢኤምአይሽ 31 ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከየት እንደመጣ ተከታትለው ያጠኑ ሰዎች ያገኙት የሚገርም ነው፣ ወደ 60 ፐርሰንቱ ከራሳቸው የሰውነት ስብ እየተፈታ የሄደ፣ ሩብ ገደማው ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከዱቄት የሰራው፣ በቀጥታ ከተበላው ቅባት የመጣው 15 ፐርሰንት ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ቅባት ቀንሺ» የሚለው ምክር ብቻውን የማይሰራው። ብዙ ሴቶች ቅቤውን ይተውና ሻዩን በስኳር፣ ዳቦውን በማርማላታ ይቀጥላሉ፣ ጉበቱ ደግሞ ከዛው ስኳር ላይ ስቡን ሰርቶ ቁጭ ይላል።

አንቺን ባላይም ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው እንዴት እንደሚውል አውቃለሁ። ደንበኛ መጣ ሻይ፣ ጎረቤት መጣች ሻይ፣ በብርጭቆው ሶስት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ስድስት ብርጭቆ ብትጠጪ 18 ማንኪያ ነው፣ ወደ 72 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ጥሩ ነው ይላል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ስለዚ ከምግብሽ ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ እዚህ ላይ ስሪ፣ ለስላሳውን በአንዴ ቁረጪ፣ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ሂጂ፣ ምላስ ይለምዳል፣ እመኚኝ። ረመዳን ሲደርስ ደግሞ ጾሙ ራሱ አይጎዳሽም፣ የሚጎዳው መግሪብ ላይ ሳምቡሳው፣ ጁሱ፣ ጣፋጩ በአንዴ ሲገባ ነው፤ በሶስት ተምርና በውሃ ፈትተሽ፣ ሶላትሽን ሰግደሽ፣ ከዛ ሾርባና ደህና ምግብ ብትበዪ ጾሙ ለጉበትሽ እረፍት ይሆነዋል። (ክርስቲያን አንባቢዎቼም የጾም ምግብ ነው ተብሎ ዘይት የሚዋኝበት ፓስታና ሩዝ በየቀኑ ሲሆን ያው ነው፣ ሽሮውና ምስሩ ጎመኑ ላይ በርቱ።)

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው የሚባለው፣ ደሴ ደግሞ ዳገት አላጣችም፣ ከሱቅ ቤት ስትመለሺ ባጃጁን ትተሽ ትንፋሽሽ ፈጠን እስኪል በእግር መውጣት ይቆጠራል። ኪሎሽ ባይቀንስ እንኳን እንቅስቃሴው ለብቻው የጉበቱን ስብ ይቀንሳል።

ሃኪም ጋ ተመልሰሽ የምትጠይቂው ነገር አለ፣ በጾም የሚሰራ ስኳር ወይም የሶስት ወሩ ኤችቢኤዋንሲ፣ ደም ውስጥ ያለውን ስብ የሚለኩት የኮሌስትሮልና የትራይግሊሰራይድ፣ ግፊትሽን፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ። የመጨረሻውን አትዝለይው፣ ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፣ ስብና ቫይረስ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉበቱ ቶሎ ይጎዳል። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጠይቅሽ፣ ለመወፈር ወይም ለመገጣጠሚያ ህመም ብለሽ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ክኒን ያለ ሃኪም የወሰድሽበት ጊዜ ካለ ንገሪያቸው፣ እነዚህ ስኳርም ስብም ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ ዶክተር አባቴን አድኑልኝ። ገራዶ ነው ያለው፣ 61 ዓመቱ ነው፣ አረቄ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚጠጣው፣ ብዙ ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፣ ኪሎ የሚባል ነገር የለውም፣ ስለዚ ፋቲ ሊቨር ምናምን እሱን አይመለከተውም ብለን ነበር። አሁን ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ እየተነፋ ነው። ጠዋት ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከነገ ጀምሮ አረቄውን ደብቀን እናስቁመው ብለን ተማክረናል።

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ አረቄውን ደብቃችሁ ቤት ውስጥ አታስቁሙት። ሃኪም ጋ ነው መቆም ያለበት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ደሴ ሆስፒታል ወይም ቦሩ ሜዳ ይዛችሁት ሂዱ።

ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶታል፣ በድንገት ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል፣ ከሁለት እስከ ሶስት ቀን ባለው ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ ካልታከመ ሞትም አለ። ሆስፒታል ውስጥ ግን በመድሃኒት እያረጋጉ፣ ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቀድመው እየሰጡ በሰላም ያሳልፉታል። እስክትደርሱ ድረስ ሰውዬውን ከመጠጡ ጋር አታታግሉት፣ አትቆጡትም፣ ይሄ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን በሽታ ነው።

ቀጭን መሆኑ አያድነውም። በብዛት የሚጠጣ ሰው ወፍራምም ሆነ ቀጭን ከአስሩ ዘጠኙ ጉበቱ ላይ ስብ ይሰራል፣ ከነሱ ውስጥ የተወሰኑት፣ ከመቶ አስር እስከ ሃያ የሚሆኑት፣ ሲሮሲስ ይደርሳሉ። አረቄ ሆድ እየሞላ ምግብ ያስተዋል፣ ጡንቻው ያልቃል፣ ስለዚ ከሩቅ «ቀጭን ነው» የሚባለው ሰው ውስጡ ሌላ ነው። የአባትህ ዓይን ቢጫ መሆንና የሆዱ መነፋት ነገሩ ከስብ ደረጃ አልፎ እንደሄደ ነው የሚነግረኝ፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ሊሆን ይችላል። ደም ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት ከነቃ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለህመሙ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን ሃኪም መጠኑን ሳይነግራችሁ አይሆንም።

እና ተስፋ አትቁረጥ። ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሰው እንኳን መጠጡ በደህና ከቆመለት ካላቆመው ይልቅ ብዙ ዕድሜ አለው። አብራችሁት ሁኑ።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ደሴ ግቢ። ቴሌግራም ላይ «ጉበት የሚያጸዳ፣ ስብ በ15 ቀን የሚያወጣ» የሚል ሻይ በ2,000 ብር ይሸጣሉ፣ እናቴ ልትገዛ ነው። ይሰራል? ደግሞ ቡና ጉበት ያደርቃል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እናትሽ ገንዘባቸውን ይያዙት። ጉበት የሚያጸዳ ሻይ የለም፣ ሌላውን የሚያጸዳው ጉበቱ ነው። እንደውም ምን እንደገባበት የማይታወቅ ቅጠል የሚያመጣውን አገራችን ውስጥ አይተነዋል፣ ትግራይ ውስጥ አንድ ገጠር ላይ ብዙ ሰው ሆዱ እየተነፋ የሞተበት የጉበት በሽታ ነበር፣ ሲጠና ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ውስጥ ካለ መርዝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ጉበት አይጎዳም ማለት አይደለም። መድሃኒትስ ካልሽኝ፣ ለፋቲ ሊቨር የመጀመሪያው መድሃኒት አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሱም መካከለኛ ወይም የገፋ ጠባሳ ኖሮባቸው ሲሮሲስ ላይ ላልደረሱ እንጂ ግሬድ 1 ለተባለ ሁሉ አይደለም፣ ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጋር ተብሎ ነው የተሰጠው።

ቡናው ላይ ግን ደስ የሚል ዜና አለኝ። ቡና ጉበት አያደርቅም፣ በቀን ሶስት ሲኒ ገደማ የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳው አነስ ብሎ ነው በተደጋጋሚ የታየው። እናትሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ይጠጡ፣ ስኳሩን ብቻ ይተውት፣ የወሎ ቡና ደግሞ በጨውም ይጠጣል፣ ግፊት ካለባቸው ግን ጨውም ይቅር።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ፣ 63 ዓመቴ። ግሬድ 1 ከተባልኩ ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ክኒን እወስዳለሁ። መጠጥ ለበዓል ጠላ ነው፣ አንድ ሁለት ጣሳ። ድጋሚ አልትራሳውንድ ልነሳ ስል ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስኳር ያለበት ሰው ጉበቱ ላይ ያለው ስብ ቶሎ ወደ ጠባሳ ስለሚሄድ መከታተልዎ በጣም ጥሩ ነው። ጠላው እንደ ቤቱ ይለያያል፣ ቀጭኑም ወፍራሙም አለ፣ ለበዓል የሚቀመሰው ብዙ አያሳስበኝም፣ ግን ከአንድ ጣሳ ባያልፉ ደስ ይለኛል፣ ጠባሳ አለ ከተባሉ ደግሞ እሱም ይቅር።

ለአልትራሳውንዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መሄድ ነው፣ ውሃ ትንሽ ይፈቀዳል። አልትራሳውንድ ትንሽ ስብ አያሳይም፣ ከአምስት አንድ ያህሉ የጉበት ክፍል በስብ ካልተያዘ ሊያመልጠው ይችላል፣ ስለዚ «ጠፋ» ቢባሉም ከምግብዎ እንዳይዘናጉ። ከዛው ጋር ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲና ፕላትሌት ያሰሩና ከላይ የጻፍኩትን ስሌት ያሰሉልዎት፣ በእርስዎ ዕድሜ ላይ ግን ትንሽ ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደንግጥዎት፣ ዕድሜ ራሱ ቁጥሩን ይጨምረዋል። ቀጠሮውን ጠዋት የመጀመሪያው ያስይዙ፣ የስኳር ክኒንዎን ያን ዕለት በባዶ ሆድ መውሰድ አለመውሰድዎን ቀደም ብለው ሃኪምዎን ይጠይቁ፣ አንዳንዱ ክኒን ሳይበሉ ከተወሰደ ስኳር ያወርዳል፣ ለማንኛውም ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይኑር። የድሮውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ አንሺው ሰው ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ እንዲጽፍልዎት ይንገሩት።